ሟች የሌለበት ለቅሶ

መካነ ሰላም ውስጥ ሙሉሐረግ አበጋዝን የማያውቅ ተማሪ የለም። ዩኒፎርም የምትሰፋው እሷ፣ ልጁ ቁመት ሲጨምር ሱሪውን የምታስረዝመው እሷ። ሠላሳ ሦስት ዓመቷ ነው። በሃያ አንድ ዓመቷ ደጎሎ ለአንድ እህል ነጋዴ ተድራ፣ ትዳሩ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ወደ አባቷ ቤት ተመልሳለች። ከዚያ ወዲህ «አግቢ እንጂ» ላላት ሰው ሁሉ መልሷ አንድ ነው፤ «መጀመሪያ ይቺን ቅድ ልጨርስ» ትላለች። ይኸው አሥር ዓመት አለፈ፣ ቅዱ አላለቀም።

በዚህ በሁለት ሺህ ስድስት ዓመት ግን ነገር ተለወጠ። ሴትዮዋ ብቻዋን መሳቅ ጀመረች። ስልኳን ከስፌት መኪናው ጎን ታኖርና አንዴ ትሰፋለች፣ አንዴ ታያለች። የአንዱን ልጅ ግራ እጅጌ በቀኝ በኩል ገጥማለት፣ ሰኞ ለሰልፍ ሲቆም ክንዱ የዞረ መስሎ ታየ አሉ። መምህሩ «ምን ሆነህ ነው?» ቢለው «ሙሉዬ ናት» አለ፤ ለሁሉም ገባቸው። ነገሩ ፍቅር ነበር። በሠላሳ ሦስት ዓመት የሚመጣ ፍቅር ደግሞ እንደ ኩፍኝ ነው፤ በልጅነት ወጥቶ ካልለቀቀ አዋቂ ላይ ይበረታል።

የሙሉሐረግ ኩፍኝ በልጅነት ጀምሮ ሳይወጣ የቀረ ነው።

በዘጠና ዓመተ ምሕረት አህመዲን የሚባል የከላላ ልጅ ለዘጠነኛ ክፍል መካነ ሰላም መጣ። ከሁለት ጓደኞቹ ጋር አንድ ክፍል ቤት ተከራይቶ፣ እሁድ እሁድ ስንቁን በትከሻው ተሸክሞ ከእናቱ ዘንድ ይመለስ ነበር። የሙሉሐረግ አባት አበጋዝ የጨርቅና የክር ሱቅ ነበራቸው። ልጁ በየሳምንቱ ማክሰኞ ይመጣና አንድ የሸሚዝ ቁልፍ ይገዛል። አንድ ብቻ። ሸሚዙ አምስት ቁልፍ ነው ያለው፤ አምስቱም በቦታቸው ናቸው። ወደ ሃያኛው ቁልፍ ሲደርስ ሙሉሐረግ፣ «ስማ፣ ቁልፎቹን ምን ታደርጋቸዋለህ?» አለችው። «ሸሚዝ እስክገዛላቸው አስቀምጣቸዋለሁ» አላት። ከዚያ በኋላ በሂሳብ ደብተር ውስጥ ደብዳቤ መመላለስ ጀመረ። «ቤታችን ከጉብታው ላይ ሆነሽ ስታዪው የተቀመጠች ዶሮ ይመስላል» ብሎ ጽፎላት ነበር። የሙሉሐረግ ልብ ስንት ሌሊት ያቺን ዶሮ ታቅፎ አደረ።

አበጋዝ ደብተሩን ያገኙት ቀን ግን አልጮሁም። ቀስ ብለው ነው የተናገሩት። «ሃይማኖቱን እንኳ ወሎዬ ነን፣ እንችለዋለን። የጨው ቸርቻሪዋን ልጅ ባዶ ኪስ ግን ማን ይችለዋል?»

አህመዲን ይህን ሰማ። በሁለተኛው ዓመት ኪሱን ሊሞላ በአፋር በኩል ወጥቶ ባሕር ተሻገረ። አሥራ አራት ዓመት ወሬው አልተሰማም።

ባለፈው መስከረም ነው የተሰማ። ጎረቤቷ ፈይዛ፣ ጅዳ ስድስት ዓመት ሠርታ የተመለሰችው ባለ ካርድ ሱቋ፣ ለሙሉሐረግ ፌስቡክ ከፍታላት ከስፌት መኪናዋ ጋር የተነሳችውን ፎቶ ለጥፋላት ነበር። በሦስተኛው ሳምንት መልእክት ገባ። «ሙሉ፣ አህመዲን ነኝ፣ የከላላው። ሪያድ ነኝ። ስፌት ቤትሽን አየሁት። አሁንም ስትሰፊ ምላስሽን በከንፈርሽ ጥግ ብቅ ታደርጊያለሽ?»

ሙሉሐረግ ምላሷን ወደ ውስጥ መለሰችና አለቀሰች።

ሁለተኛው መልእክት ስለ እናቱ ነበር። ሦስተኛው በጥቅምት መጨረሻ መጣ፤ «አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ አትቸኩዪ። ሁሉን ትቼ ብመጣ በርሽን ትከፍቺልኛለሽ?» ይላል። አልቸኮለችም። ዘጠኝ ቀን አሰበች፣ ዘጠኝ ቀን ጽፋ አጠፋች። በዘጠነኛው ቀን «በሬ ላንተ መቼ ተዘግቶ ያውቃል?» ብላ ላከችና ስልኩን ከጨርቅ ክምር ስር ደበቀችው፤ ይፈነዳል የሚባል ነገር እንደተሰጣት ሰው።

መልሱ የመጣው ከሁለት ቀን በኋላ ነው። «ማሬ፣ የኔ ቆንጆ፣ ሕይወቴን ሰጠሽኝ።»

ከዚያ በኋላ አህመዲን ሌላ አህመዲን ሆነ። ዱሮ ሦስት መስመር የሚጽፈው ልጅ በቀን ሦስት ጊዜ ይጽፋል። «እንዴት አደርሽ ማሬ» ይላል፣ «ምሳ በላሽ ማሬ» ይላል። ያን ሰሞን ሳውዲ ወረቀት የሌለውን ሀበሻ ሁሉ እየለቀመች ስትመልስ፣ እሱ ተደብቆ መቅረቱን ነገራት። ስትደውልለት አያነሳም፣ ድምፄ ከተሰማ እያዛለሁ ይላል። ምስልህን ላክልኝ ስትለው ካሜራው ተሰብሯል።

ፈይዛ ቅንድቧን እየሰቀለች፣ «የከላላ ልጅ ማሬ ማለት ከመቼ ወዲህ ነው?» ትላታለች።

«ሰው አገር ሲኖር ይለወጣላ።»

«እኔም ሰው አገር ኖሬያለሁ። የተለወጠው ወገቤ ነው።»

ሙሉሐረግ ስቃ ታልፋለች። አምስት ወር ሙሉ በልቧ ያለውን ሁሉ ጻፈችለት። የደጎሎውን ትዳር፣ የአባቷን የመጨረሻ ቀን፣ ለጠርዝ መዝጊያ መኪና ያጠራቀመችውን ዘጠኝ ሺህ ብር ሳይቀር። ማንም ጠይቋት የማያውቀውን ነገር የሚጠይቃት ሰው በማግኘቷ፣ ለምን እንደሚጠይቅ መጠየቁን ረሳችው።

*

መርዶው የመጣው በሚያዝያ፣ አንድ ማክሰኞ ጧት ነው።

«ማሬ፣ ትናንት እናቴ አረፈች። ቀብሩ ሐሙስ ነው፣ ማስቀበሪያ የለኝም። ያጠራቀምሽውን ላኪልኝ፣ ስወጣ እጥፍ አድርጌ እመልሳለሁ። አካውንቱ የጓደኛዬ ነው። ቶሎ በይ። ለማንም አትንገሪ፣ ለፈይዛም ቢሆን።»

ሙሉሐረግ መቀሱን ጣለች። እናቱን ዙሀራን አይታቸው አታውቅም፤ ግን አንዲት ሴት ከእሷ ጋር አንድን ሰው አሥራ አራት ዓመት ስትጠብቅ ኖራ ሳታየው መሞቷን ነው ያሰበችው። እያለቀሰች ባንክ ሄዳ ወረፋ ያዘች። ወረቀቱን ሞላች። የተቀባይ ስም ከሚለው ላይ ስትደርስ፣ ሰምታው የማታውቀውን የሰውዬውን ስም ከስልኩ ላይ አየችና እጇ ቆመ።

ጠርጥራ አልነበረም። አፍራ ነው። ያሳደገች እናት ሞታ፣ ሰው እግር እያለው ወረቀት ይልካል? ለቅሶ በወረፋ ይደረሳል? የመካነ ሰላም ሰው ሞት ሲሰማ መጀመሪያ የሚያደርገው ነጠላውን ማዘቅዘቅ ነው፤ ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ነው። ወረቀቱን አጥፋ ወጣች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ፈይዛ ሱቅ ገባች።

«ምነው? ማን ሞተ?»

«የአህመዲን እናት።»

«ኢና ሊላሂ! መቼ?»

«ትናንት። ቀብሩ ሐሙስ ነው።»

ፈይዛ ልታቅፋት የዘረጋችውን እጅ አየር ላይ አቆመችው። «ሐሙስ? እስላም ነው ሦስት ቀን ሬሳ የሚያሳድረው? አንቺ የወሎ ልጅ አይደለሽም እንዴ?»

«ምናልባት ዘመድ እስኪመጣ...»

«ስልኩን አምጪ።» አነበበች። ሁለት ጊዜ አነበበች። «ማስቀበሪያ? ቅሬው፣ እድሩ የት ሄዶ? ቅሬ ይቆፍራል፣ ከፈን ይገዛል፣ የመጣውን ሰው ያበላል። ወሎ ውስጥ ሰው ብር የሚያስፈልገው ለመኖር ነው፤ ለመቀበር ተከፍሎ ያውቃል?»

«ቀንተሽ ነው!» አለች ሙሉሐረግ። ቃሉ ከአፏ እንደወጣ ልትመልሰው ፈለገች፤ ግን ወጣ።

ፈይዛ አልተቆጣችም። ከባንኮኒው ኋላ መጥታ ጎኗ ተቀመጠች። «ስሚኝ እታለም። ጅዳ ሳለሁ አንድ ሐኪም ነኝ የሚል ሱዳናዊ በስልክ ወዶኝ ነበር። ዐይኑን አይቼ አላውቅም። የስድስት ወር ደመወዜን ላክሁለት። እሱም እንዲሁ ቶሎ በይ ይላል፣ እሱም እንዲሁ ለማንም አትንገሪ ይላል። ለማንም ስላልነገርሁ ማንም አላዳነኝም። ለሰው ስናገረው ይኸው አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ።»

«እኛም እኮ ዱሮ ተደብቀን ነው የተጻጻፍነው።»

«ከአባትሽ ነው የተደበቃችሁ። ከጓደኛሽም ተደብቀሽ ነበር?»

ሙሉሐረግ የነጠላዋን ጫፍ በጣቷ ጠመዘዘች። ካርድ ሊገዛ የመጣ ሰው አይቷቸው፣ ነጠላውን አይቶ፣ «ነፍስ ይማር» ብሎ ሳይገዛ ሄደ።

በመጨረሻ ፈይዛ ተነሣች። «ነገ ከላላ እንሄዳለን። ውሸት ከሆነ እዚያ ይለያል። እውነት ከሆነ ደግሞ አብሬሽ አለቅሳለሁ፣ ስለ ጥርጣሬዬም ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

ሙሉሐረግ ያን ቀን የገባት ነገር ቢኖር አንድ ነው፤ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰው ሞት እውነት እንዲሆን እየተመኘች ነበር። በራሷ ደነገጠች።

*

በማግሥቱ ገበያተኛ በሚጭን አይሱዙ ሄደው፣ መንገዱ ካለቀበት ወርደው በእግራቸው አንድ ሰዓት ተጓዙ። ፈይዛ ጫማዋን እየረገመች፣ ሙሉሐረግ ዐይኗን ከመንገዱ ሳትነቅል። ይህ እሱ ስንቅ ተሸክሞ የሚመላለስበት መንገድ ነው። የበልግ ገብሱ በሁለቱም በኩል ገና አረንጓዴ ነበር። እዚህ ድንጋይ ላይ አርፎ ይሆናል፣ ከዚህ ምንጭ ጠጥቶ ይሆናል እያለች ስትሄድ ጉብታው ላይ ደረሱ።

ከታች አንዲት ቤት ታየች። ክዳኗ በአንድ በኩል ዝቅ፣ በአንድ በኩል ከፍ ያለ። እውነትም የተቀመጠች ዶሮ።

«ቆይ፣ መጀመሪያ ሰው እንጠይ...» ማለት ጀምራ ነበር ፈይዛ። አልደረሰችም። ለቅሶ ደራሽ የሟችን ቤት ሲያይ ድምፁን ያነሣል፤ ሙሉሐረግ አነሣች። «ዋይ እናቴ! ሳላይሽ! ዋይ፣ ልጅሽን ሳታዪ!» እያለች ቁልቁል ወረደች። ፈይዛም ጓደኛ ብቻዋን አታለቅስምና ጥርጣሬዋን ለጊዜው ቋጥራ ተከተለቻት።

ደጃፉ ላይ አንዲት አሮጊት ሰፌድ ታቅፈው ምስር ይለቅማሉ። ሲያዩዋቸው ተነሡ።

«ውይ ልጆቼ! ግቡ፣ ግቡ፣ አብሽሩ። ማን ሞተባችሁ?»

«እማማ ዙሀራ...» ብላ ሙሉሐረግ ለቅሶዋን ስትቀጥል፣ «አቤት» አሏት።

ለቅሶው ቆመ።

ፈይዛ ፊቷን ጠርጋ፣ «እርስዎ ነዎት ዙሀራ?» አለች።

«እኔ ነኛ።»

«የአህመዲን እናት?»

«የእሱው። ማን ሞቶ ነው?»

«እርስዎ» አለች ሙሉሐረግ፣ አፏ አምልጧት።

አሮጊቷ ሰፌዱን ቀስ ብለው አስቀመጡ። «ኧረ እኔ አልሰማሁም» አሉ። «መቼ ነው?»

«ሰኞ» አለች ፈይዛ።

«ሰኞማ ወፍጮ ቤት ነው የዋልሁ።»

ለማሰብ ጊዜ አልነበረም፤ የጮኸ ጮኋል፣ የሰማ ሰምቷል። ከየአቅጣጫው ሰው ይጎርፍ ጀመር። ሴቶቹ እያለቀሱ፣ ወንዶቹ ዶማና አካፋ ይዘው። ከፊት የምትመጣዋ «ዋይ ዙሀ...» ብላ ጀምራ፣ ዙሀራን ቆመው ስታይ፣ «...ራ፣ እንዴት ዋልሽ?» ብላ ጨረሰች።

የቅሬው ዳኛ ጋሽ አባተ ከበትራቸው ጋር ደረሱ። ዙሀራን ከላይ እስከ ታች አዩዋቸው። «ደህና ነሽ?»

«ሞተሻል ተብያለሁ፤ እስካሁን ግን ደህና ነኝ።»

«ይህን ለቅሶ ማን ጠራው?» አሉ ጋሽ አባተ ወደ ሕዝቡ ዞረው። «ሰው ሥራውን ጥሎ መጥቷል። ያለ ሞት ለቅሶ የጠራ በቅሬያችን ደንብ ይቀጣል።»

ፈይዛ ወደ ሙሉሐረግ ጆሮ ተጠጋች። «ቤት ተሳስተን ነው በይ። ይቅጡንና እንሂድ። ማንም አያውቅሽ።»

እውነት ነው፣ ማንም አያውቃትም። አንድ ቃል ብትዋሽ ምስጢሯን ይዛ ትመለሳለች፤ መካነ ሰላምም አይሰማ፣ ከላላም አይስቅ። ሙሉሐረግ በዙሪያዋ የቆመውን ሰው አየች። አካፋ ይዞ የመጣውን ሁሉ አየች። ይህ ሁሉ ሰው ለማያውቀው ውሸት ሮጦ የመጣ ነው። እንደገና ልትዋሸው አልቻለችም።

«እኔ ነኝ የጠራሁት» አለች። ድምጿ ቀጭን ነበር፤ እየቆየ ወፈረ። «የመካነ ሰላሙ የአበጋዝ ልጅ፣ ሙሉሐረግ ነኝ።»

ዙሀራ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ስሙን ሰምተውት ያውቃሉ።

«አህመዲን ነኝ ከሚል ሰው ጋር በስልክ ስጻጻፍ ቆየሁ። የልጅነት ወዳጄ ነበር። ሁሉን ትቼ ብመጣ በርሽን ትከፍቺልኛለሽ ብሎ ጠየቀኝ። በሬ ላንተ መቼ ተዘግቶ ያውቃል አልሁት። ለእሱ ያልሁት መስሎኝ ነው። ትናንት እናቴ ሞተች፣ ማስቀበሪያ ብር ላኪልኝ፣ ለማንም አትንገሪ አለኝ። ብሩን ከመላክ ላልቅስላቸው ብዬ መጣሁ። እንጃ፣ ማን እንደሆነ አላውቅም። ሌባ ነው መሰለኝ። አምስት ወር ሙሉ ሌባ ስወድ ኖሬያለሁ።»

የጋሽ አባተ ፊት ቀላ። «ማስቀበሪያ?» አሉ። «እኛ እያለን? የከላላ ሰው በልመና ይቀበራል ብሎ ነው የጻፈው?» ከሌብነቱ ይልቅ ስድቡ ነው የቆጫቸው፤ ወንዶቹም ሁሉ አጉረመረሙ።

ከኋላ አንዲት ወጣት፣ ሩቂያ የምትባል የሰፈሩ ልጅ፣ መሬት መሬት እያየች፣ «ለእኔም ጽፎልኝ ነበር» አለች። «በኅዳር መጀመሪያ፣ አህመዲን ነኝ፣ ታምሜያለሁ አለኝ። ለጎረቤት ብዬ የሁለት ፍየል ዋጋ ልኬያለሁ። አፍሬ ነው ዝም ያልሁ።»

«አንቺ ልጅ፣» አሉ ጋሽ አባተ፣ «እሱ ከሚፈልገው ነገር ትልቁ ያ ማፈርሽ ነው።» ወደ ሕዝቡም ዞሩ። «ስሙ! ብር ላኪ የሚል መልእክት የደረሰው ሰው መጀመሪያ ለሰው ይንገር። ስልክ ይደወል፣ ድምፅ ይሰማ፣ እግር ይላክ። ምስጢር ነው ካለ ሌባ ነው።» ከዚያ ሙሉሐረግን አዩ። «ቅጣቱም የሌባው ነው። የተገኘ ቀን ይከፍላል።»

ያኔ ከግቢው በር በኩል አካፋ ሲወድቅ ተሰማ።

ሰው ሁሉ ዞረ። አንድ ሰው፣ ለመንገድ ሥራ ድንጋይ ከሚፈልጥበት እናትህ ሞተች ተብሎ ሲሮጥ የመጣ፣ አቧራ የለበሰ፣ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። እናቱን ቆመው አይቷል፤ ከዚያ በኋላ የሰማውን ሁሉ ሰምቷል። ጸጉሩ ሸብቷል። ዐይኑ ግን ያው ዐይን ነው።

«እሱን የጠየቅሁሽ እኔ ነኝ» አለ። «ትከፍቺልኛለሽ ወይ ያልሁሽ እኔ ነኝ፣ ሙሉ። ከዚያ ወዲያ ያለውን አላውቅም።»

ሙሉሐረግ ፈይዛን ያዘች።

*

ዙሀራ የመጣ ሰው ሳይቀምስ አይመለስም ብለው ቤቱን በአንድ እግሩ አቆሙት። ሴቶቹ ሽሮ ያማስላሉ፣ ፈይዛ ምስሩን ትለቅማለች፣ እያንዳንዱ ገቢ ወጪ «ዙሀራ፣ የራስሽን ድግስ በላሽ እኮ» እያለ ይስቃል። ሙሉሐረግንና አህመዲንን ከድንጋይ ካቡ አጠገብ ብቻቸውን ተዉአቸው። የተዉአቸው መስለው በዐይናቸው ጥግ ያያሉ።

ሙሉሐረግ ካቡ ላይ ተቀምጣለች። እሱ ፊቷ ቆሟል።

«መቼ መጣህ?» አለችው።

«በኅዳር። ይዘውን፣ ከብዙ ሰው ጋር ስንታጨቅ ስልኬ በግርግር ጠፋ። ማን እጅ እንደገባ ዛሬ ገና አወቅሁ። መልስሽን ስምንት ቀን ጠብቄ ነበር። በስምንተኛው ቀን ነው የያዙን።»

«በዘጠነኛው ነው የላክሁት።»

አንዲት ቀን ነች በመሃላቸው የቆመችው፤ ያቺን ቀን ደግሞ የበላቻት እሷ ነች፣ ጽፋ ስታጠፋ።

«ዝም ስትዪኝ እምቢ ማለቷ ነው ብዬ ያዝሁት» አለ።

ያኔ ነው የሙሉሐረግ ደም የፈላ። «ያዝኸው? ኅዳር፣ ታኅሣሥ፣ ጥር፣ የካቲት፣ መጋቢት፣ አምስት ወር የግማሽ ቀን መንገድ ላይ ተቀምጠህ ያዝኸው? ሌባው እንኳ በየጧቱ እንዴት አደርሽ ብሎኛል! ምሳ በላሽ ብሎኛል! አንተስ? አንድ እግርህን አንሥተህ ደጄ መጥተህ፣ እምቢ አልሽኝ ወይ ብትለኝ ምን ነበረበት?»

«ምን ይዤ ልምጣ?» ድምፁ ዝቅ አለ። «አባትሽ ባዶ ኪስ ማን ይችላል አሉ። አሥራ አራት ዓመት ቆይቼ፣ ኪሴን ሳልሞላው የለበስሁትን ይዤ ተመለስሁ። እሱኑ ባዶ ኪስ ይዤ ደጃቸው ልቁም?»

«አባቴ ከሞተ ሦስት ዓመቱ ነው፣ አህመዲን። ከማን ጋር ነው የምትሟገተው?»

አህመዲን አቀረቀረ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየችው። ወንድ ልጅ ሲያለቅስ ዐይቶ ማለፍ የሚችል ሰው ይኖር ይሆናል፤ ሙሉሐረግ ግን ከእነዚያ አይደለችም። ቁጣዋ ውኃ እንደነካው ጨው ሟሟ። በቦታው የቀረው ግን እፍረት ነበር።

«እኔ ነኝ ማፈር ያለብኝ» አለች፣ ነጠላዋን ወደ ፊቷ እየሳበች። «የጻፍሁለትን ብታውቅ! ላንተ ያስቀመጥሁትን ሁሉ አውጥቼ ነው ለማላውቀው ሰው የሰጠሁት። አሁን ላንተ የቀረኝ የለም።»

«ምን ምን አልሽው?»

«አልነግርህም።»

«ሌባ የሰማውን እኔ ልከለከል?»

ሳታስበው ሳቀች። እንባዋ ከሳቁ ጋር ወረደ። «ብዙ ነው። ሲወራ ዓመትም አይበቃው።»

«ጊዜማ ሞልቶኛል» አለ አህመዲን። «ሌላው ነው የሌለኝ።»

ከቤቱ በኩል ፈይዛ፣ «አንቺ ሙሉ! መኪናው ጥሎን ሊሄድ ነው! ከላላ ልታድሪ ነው እንዴ?» ብላ ጮኸች፤ ሴቶቹ ሁሉ ሳቁ። ሙሉሐረግ ሰምታለች። ግን ካቡ ላይ ትንሽ ፈቀቅ አለች፣ አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ያህል። አህመዲን ቦታውን አየ፣ እሷን አየ፣ ከዚያ አቧራውን ከልብሱ አራግፎ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ክንዱ ክንዷን ሊነካ ጥቂት ነው የቀረው። ከየት እንደምትጀምርለት እያሰበች አፏን ከፈተች፤ አህመዲንም ቃሉ እስኪመጣላት ድረስ ጠበቃት።